የተሸለመው አውራ ጣት

ታሪክ የሠራ መሥሪያ ቤት ሞልቷል። ታሪክ ሠርቶ፣ ማህተም መትቶበት፣ በሦስት ቅጂ መዝገብ ቤት ያስቀመጠ ግን አንድ ብቻ ነው፤ ወጋችንም ስለሱ ነው። እንግዲህ ኮፍያ ያደረገ ያውልቅ፣ የተጋደመም ቀና ይበል። እንዲህ ያለ ጉዳይ ተጋድመው የሚሰሙት አይደለም።

መሥሪያ ቤቱ የሕክምና ማዕከል ነው። ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣ ከመታጠቢያ ቤቱ ጎን፣ አንዲት ጠባብ ክፍል አለች፤ መስኮቷ በጥቁር መጋረጃ ተሸፍኗል፣ መሃል ላይ ጠረጴዛ አለ፣ ከጠረጴዛው በላይ ደግሞ አንገቱን ደፍቶ ቁልቁል የሚያይ ካሜራ። ካሜራው የሠርግ ካሜራ አይደለም። ከጎኑ ቀይ ሌዘር አለው። ሌዘሩ ቆዳ ላይ ሲያርፍ ቆዳው እንደ ደቃቅ አሸዋ የሚያብለጨልጭ ነጠብጣብ ይለብሳል። ከቆዳው ሥር፣ ከፀጉር በቀጠኑት የደም ስሮች ውስጥ ደም የሚሮጥ ከሆነ ነጠብጣቡ ይርገበገብና ይደበዝዛል። ደም ከሌለ ቁልጭ ብሎ ይቆማል። ኮምፒውተሩ ይህንን አይቶ ቀለም ይቀባዋል፦ ደም የሚሮጥበት ቀይ፣ ቀስ የሚልበት አረንጓዴ፣ የማይደርስበት ሰማያዊ። መርፌ የለ፣ መብጣት የለ፣ በአስር ሰከንድ አለቀ። መሣሪያው የማይችለው አንድ ነገር መነቃነቅ ነው። የተነቃነቀ ነገር ሁሉ፣ ደም ኖረውም አልኖረውም፣ ለሱ ቀይ ነው።

በዚህ የተነሳ የክፍሏ ባለሙያ ከጠዋት እስከ ማታ ከአፏ የሚወጣው አንድ ቃል ነው፦ «አትነቃነቁ»። ሰው ስሟን ረስቶ ይህንኑ ስም አወጣላት። መታወቂያዋ ላይ ሌላ ስም አለ ይባላል፤ አንብቦ የሚያውቅ ግን የለም።

መሣሪያው የተመረቀ ቀን ዋናው ራሳቸው ተገኙ። ዋናው የምንላቸው የማዕከሉን የበላይ ኃላፊ ነው። ከሳቸው አንድ እርምጃ ኋላ፣ ሁሌም አንድ እርምጃ ኋላ፣ የሰው ኃይል ኃላፊው ይቆማል። ይህ ሰው ማንም የማያውቀውን ነገር ሁሉ «እንደሚታወቀው» ብሎ ስለሚጀምር ስሙ እንደሚታወቀው ሆኖ ቀርቷል። እሱም ይወደዋል፤ የሥልጣን ስም ነው የሚመስለው።

ዋናው ኮሪደሩ ላይ ለተሰበሰበው እንግዳ አርባ ደቂቃ ንግግር አደረጉ። ይህ መሣሪያ መሣሪያ ብቻ አለመሆኑን፣ መሣሪያ ብቻ ቢሆን ኖሮ መሣሪያ ተብሎ ይታለፍ እንደነበር፣ ነገር ግን ስላልታለፈ እንዳልታለፈ አስረዱ። ይህንን ሁሉ ሲናገሩ በቀኝ እጃቸው ከማቀዝቀዣ የወጣ፣ ላቡ የሚንጠባጠብ የውኃ ጠርሙስ ጨብጠው ነበር። ንግግሩ ሲያልቅ ጠርሙሱን አስቀመጡና ያቺኑ እጅ ካሜራው ሥር ዘረጉ። አትነቃነቁም «አትነቃነቁ» አለች። አልተነቃነቁም።

ኮሪደሩ ላይ የተሰቀለው ትልቅ ስክሪን የዋናውን እጅ አሳየ። ከአንጓ እስከ ጥፍር ሰማያዊ።

ለማነጻጸር ተብሎ በር ላይ የቆመው ጥበቃ ተጠራ። እሱ ጠዋት ሙሉ ወንበር ሲያመላልስ ነው የዋለው። እጁ ፍም መስሎ ወጣ። አንዱን እንግዳ ድንገት ሳል ያዘው፤ ሌላዋ የጫማዋን አፍንጫ በጥሞና ማጥናት ጀመረች። እንደሚታወቀው ብቻ ራሱን አልሳተም፤ ጮክ ብሎ አጨበጨበ። ሌላውም ምን እንደሆነ ሳይገባው ተከትሎ አጨበጨበ።

አትነቃነቁ በኋላ ጠጋ ብላ ለዋናው ነገሩን ልታስረዳቸው ሞከረች። ጠርሙሱ ቀዝቃዛ ስለነበር ነው፣ ስሮቹ ይኮማተራሉ፣ አስር ደቂቃ ቢጠብቁ ቀይ ይሆናል አለቻቸው። ማብራሪያው እውነት ስለነበር ተቀባይነት አላገኘም። ማዕከሉ የበላይ ኃላፊውን እጅ የሚያሞቅ አካሄድ አልነበረውም። ኮሚቴ የማቋቋም አካሄድ ግን ነበረው።

የቀለም አረዳድ አጣሪ ኮሚቴ ሦስት ሳምንት ደክሞ ያገኘው ግኝት እንዲህ የሚል ነው፦ ቀለሞቹ ትክክል ናቸው፣ ስህተቱ ያለው አረዳዱ ላይ ነው። ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ ሰማያዊ «የተረጋጋ» ይባላል። አረንጓዴ «ወደ መረጋጋት በመጓዝ ላይ ያለ» ይባላል። ቀይ ደግሞ «የተረበሸ» ይባላል፤ አስፈላጊው እርምጃም ይወሰድበታል።

አትነቃነቁ መመሪያውን ይዛ ዋናው ቢሮ ገባች።

«ክቡር ኃላፊ፣ ሰማያዊ ማለት እኮ ደም እዚያ አይደርስም ማለት ነው።»

«ማነው ያለው?»

«መሣሪያው።»

«መሣሪያው ቀለም ነው ያወጣው» አሉ ዋናው፣ በጣም በትዕግሥት። «ቀለሙን ምን ብለን እንደምንጠራው የሱ ሥልጣን አይደለም።»

ይህንን የመሰለ መልስ የሰጠ ኃላፊ በቀላሉ አይገኝም። አትነቃነቁም መመሪያውን አጣጥፋ ወጣች።

ቀጥሎ የመጣው የሠራተኛው ምዘና ነበር። ሠራተኛው ሁሉ በየተራ እጁን እያስለካ መረጋጋቱን እንዲያስመሰክር ታዘዘ። እንደሚታወቀው ኮምፒውተሩን አስተካክሎ፣ ሰማያዊ በታየ ቁጥር ዳር ዳሩ አበባ የተሳለበት ወፍራም የምስክር ወረቀት በራሱ ታትሞ እንዲወጣ አደረገ። የመጀመሪያው ቀን ሰው በየዋህነት እጁን ይዞ መጣና አብዛኛው ተረብሾ ተገኘ። በሁለተኛው ቀን ግን መታጠቢያ ቤቱ በር ላይ ሰልፍ ታየ። ሁሉም እጁን ቀዝቃዛ ቧንቧ ሥር ዘፍዝፎ፣ ክንዱን ከፍ አድርጎ፣ እያንጠባጠበ ወደ አትነቃነቁ ክፍል ይሮጣል። ጸሐፊዋ ብልጥ ስለነበረች ላብራቶሪ ማቀዝቀዣ ውስጥ ከሽንት ብልቃጦቹ ጋር እጇን ሩብ ሰዓት አስቀምጣ አንደኛ ወጣች። ሳምንቱን ሙሉ ጽሑፍ መምታት አልቻለችም፤ ግን ተረጋግታ ነበር።

እውነቱን ለመናገር አንደኛ የወጣችው እሷም አልነበረች። አትነቃነቁ ጠዋት ጠዋት ካሜራው በደንብ መሥራቱን የምታረጋግጠው አንዲት ነጭ ፕላስቲክ ቁራጭ ከሥሩ አስቀምጣ ነው። ቁራጯ እንከን የለሽ ሰማያዊ ነች። ስለዚህ በየጠዋቱ አንድ የምስክር ወረቀት ታገኛለች። በወሩ መጨረሻ እንደሚታወቀው ዝርዝሩን ይዞ መጣና፣ ይህ ሃያ ሁለት ጊዜ በተከታታይ የተሸለመ ሠራተኛ የት ክፍል እንደሚሠራና ለምን እስከ ዛሬ እድገት እንዳልተሰጠው ጠየቃት። ፕላስቲክ ነው ብትለው ትንሽ አሰብ አደረገና፣ ለማንኛውም አርአያነቱ እንዳይዘነጋ ብሎ ማስታወሻ ያዘ።

በዚህ ሁሉ መሃል በሽተኞቹ ኮሪደሩ ላይ ተኮልኩለው ይጠብቃሉ። ከነሱ አንዱ ልብስ ሰፊ ናቸው።

ልብስ ሰፊው ስድሳ ዓመት ያለፋቸው ሰው ናቸው፤ አንገታቸው ላይ ሜትር አንጠልጥለው ነው ሆስፒታል የሚመጡት። ገና ተቀምጠው ሳይጨርሱ የአትነቃነቁን ነጭ ጋዋን ከላይ እስከ ታች ቃኙት።

«ልጄ፣ ይቺን ከሰፋልሽ ሰውዬ ጋር ተጣልታችሁ ነበር እንዴ?»

«ምነው ጋሼ?»

«አይ፣ አንዱን እጅጌ ላንቺ፣ ሌላውን ለሌላ ሰው ሰፍቶት ነው።»

አትነቃነቁ ከስንት ሳምንት በኋላ ሳቀች። ከዚያ ካልሲያቸውን ሲያወልቁ ሳቋ ቆመ። ከሦስት ወር በፊት ከባዱ የብረት መቀስ ቀኝ እግራቸው ላይ ወድቆባቸው ነበር። ስኳር ስላለባቸው ቁስሉ አልድን ብሎ፣ አውራ ጣታቸው ጠቁሮ ደርቋል። በእጃቸው የያዙት የቀዶ ሐኪሙ ወረቀት አጭር ነበር፦ ደም እስከ የት እንደሚደርስ ይታይልኝ፣ ሐሙስ እቆርጣለሁ። ደም እስከ ጣቱ ሥር የሚደርስ ከሆነ ሐኪሙ የሚቆርጠው ጣቱን ብቻ ነው። የማይደርስ ከሆነ ግማሽ እግር ይሄዳል።

ልብስ ሰፊው ስለ ሕመሙ ብዙም አላወሩም። ያወሩት ስለ ስፌት መኪናቸው ነው። መኪናቸው በኤሌክትሪክ አትሠራም፣ በእግር የምትረገጥ ነች። ፔዳሏን የሚያስነሱት በቀኝ እግራቸው የፊተኛው ክፍል ነው፤ ግራቸው ዝም ብሎ ነው የሚያጅበው።

«ጣት ብትጎድለኝ ትታገሰኛለች» አሉ። «ሃያ ሰባት ዓመት አብረን ኖረናል። ግማሽ እግር ይዤ ብሄድባት ግን አታውቀኝም።»

አትነቃነቁ ቃሏን ተናገረች፣ ልብስ ሰፊው ትንፋሻቸውን ያዙ፣ አስር ሰከንድ አለፈ። ስክሪኑ ላይ አውራ ጣቱ እስከ ሥሩ ድረስ ሰማያዊ ሆነ። ከዚያ ወዲህ ያለው እግር ግን አረንጓዴና ቀይ፣ አንዳንድ ቦታ ደማቅ ቀይ። እግሩ በሕይወት አለ። ይህንኑ ነገረቻቸው። ልብስ ሰፊው ሜትራቸውን ከአንገታቸው አውርደው፣ ጠቅልለው፣ እንደገና ፈትተው አንገታቸው ላይ መለሱት። ደስታቸውን የሚገልጹት እንደዚያ ነበር መሰለኝ።

ከዚያ ማተሚያው መንጫጫት ጀመረ።

መጀመሪያ የወጣው ወፍራሙ፣ ባለ አበባው ወረቀት ነው። ለልብስ ሰፊው የቀኝ እግር አውራ ጣት፣ ላሳየው አርአያነት ያለው መረጋጋት፣ ማዕከሉ ላቅ ያለ ምስጋናውን ያቀርባል ይላል። ሁለተኛው ስስ ወረቀት ነው፦ የተቀረው እግር የተረበሸ ስለሆነ አስፈላጊው እርምጃ ይወሰድበት። ይኸው ስሱ ወረቀት በኮምፒውተር በኩል፣ የሰው እጅ ሳይነካው፣ ቀጥታ ወደ ቀዶ ጥገና ክፍል ሄዷል። በማግስቱ የተለጠፈው መርሐ ግብር ላይ እንዲህ ተጽፎ ተገኘ፦ «ሐሙስ፣ ሦስት ሰዓት። የቀኝ እግር የተረበሸው ክፍል ይቆረጥ። አውራ ጣቱ እንዳይነካ።»

ቀዶ ሐኪሙ ወረቀቱን ከግድግዳው ገንጥሎ እየጨበጠ አትነቃነቁ ክፍል መጣ። ብዙ የማያወራ ሰው ነው፤ ሲናደድ ደግሞ ጭራሽ ያሳጥረዋል። ይሄን የጻፈው ሰው እግር አይቶ ያውቃል ወይ ብሎ ጠየቀ። እሷም ስክሪኑን ከፍታ እውነተኛውን ምስል አሳየችው። ስያሜ አላስፈለገውም፤ ባየው ቅጽበት ገባው። ችግሩ ግን የቀዶ ጥገና ክፍሉ ያለ መርሐ ግብር አይከፈትም፤ መርሐ ግብሩም ያለ ዋናው ፊርማ አይቀየርም። ጣቱ ደግሞ የሚጠብቅ ዓይነት አይደለም፤ ከሐሙስ ካለፈ ብስባሴው ሽቅብ ይወጣና ያኔ እውነትም ግማሹ እግር ይሄዳል። ማክሰኞ ከሰዓት ነበር። ሁለቱም ተያይዘው ዋናው ቢሮ ወጡ።

ዋናው በጥሞና አዳመጡ። ከዚያ የምስክር ወረቀቱን ቅጂ አስመጥተው መነጽራቸውን አደረጉ።

«ይህ ጣት እኮ የተሸለመ ጣት ነው» አሉ።

«የበሰበሰ ጣት ነው» አለ ሐኪሙ።

«ሁለቱ አይጋጩም።»

እንደሚታወቀው አንድ እርምጃ ከኋላ ጉሮሮውን ጠረገ። እንደሚታወቀው፣ አለ፣ የተሸለመ አካል ከደረጃው ሳይወርድ ከቦታው ሊነሳ አይችልም፤ አለበለዚያ የቀረው ተሸላሚ ሁሉ ሞራሉ ይነካል። የተረበሸውን ክፍል ማንሳት ግን ተፈቅዷል።

«እግሩን ከቆረጥኩ ጣቱን ምን ላይ ላስቀምጠው?»

«እሱ የቴክኒክ ጉዳይ ነው» አለ እንደሚታወቀው። «ለባለሙያ ትተነዋል።»

ጥሩ መሥሪያ ቤት ማለት እንዲህ ነው፤ በባለሙያ ሥራ ጣልቃ አይገባም። በመጨረሻ ዋናው ቅን ሰው ስለሆኑ አንድ መውጫ አሳዩአቸው። ጣቱ በድጋሚ ምዘና ተረብሾ ከተገኘ ደረጃው ያለ ኮሚቴ በራሱ ይወርዳል፤ ያኔ መቁረጥ ይቻላል። እግሩም ያኔ ተረጋግቶ ከተገኘ ይተርፋል። ምዘናው ነገ ይደረግ፤ እንደሚታወቀውም በታዛቢነት ይገኝ።

ደረጃው ላይ ሲወርዱ ሐኪሙ በቁጣ ነበር የሚረግጠው። ደም የሌለው ጣት እስከ ዓለም ፍጻሜ ቢለካ ሰማያዊ ነው፣ አለ፤ ደም ያለው እግርም ቀይ ነው፤ እነዚህ ሰዎች የሚፈልጉት የሞተው እንዲነሳና የቆመው እንዲሞት ነው። አትነቃነቁ ግን ስድስት ዓመት ሙሉ፣ እዚህም ሆነ ከዚህ በፊት በሠራችበት ቦታ፣ ስትታገለው የኖረችው ስህተት ትዝ ብሏት ነበር። የሰው እጅ ሲንቀጠቀጥ፣ ሕፃን ሲወራጭ፣ መጋረጃ በነፋስ ሲውለበለብ እንኳ መሣሪያው ቀይ ይላል። ጨርቅ ደግሞ ዝም ብሎ ከተቀመጠ ሰማያዊ ነው። በሥራዋ ዋሽታ አታውቅም። የዚያን ቀን ቤቷ ስትገባ ግን እውነት የምትባለውን ነገር በእውነተኛ መንገድ ወደዚያ ቢሮ ማስገባት እንደማይቻል ገብቷት ነበር። ቢደረስባት ደግሞ የምትባረረው እሷ ነች እንጂ ጣቱ አይደለም።

ረቡዕ ጠዋት ልብስ ሰፊውን ለብቻቸው ጠርታ ሁሉንም ነገረቻቸው። ከኪሳቸው ጥቁር ክር አወጡና በጥርሳቸው በጠሱ። ለኮት የሚሆን ወፍራም ነጭ ገበር ደግሞ ከቦርሳቸው አውጥተው፣ ልኩን በሜትር ወስደው፣ አውራ ጣቱን ብቻ ውጭ የሚያስቀር ሽፋን በሩብ ሰዓት ሰፉ። ጠርዙንም አጠፉት።

«ጋሼ፣ ጠርዙን ማን ያየዋል?»

«እኔ አየዋለሁ» አሉ።

ከሰዓት እንደሚታወቀው ማስታወሻ ደብተሩን ይዞ መጣ። ክፍሏ ጨለማ ናት፤ ሌዘሩ ብቻ ነው የሚያበራው። ልብስ ሰፊው እግራቸውን ጠረጴዛው ላይ ሰቅለው ተቀምጠዋል፤ ጥቁሩ ክር ጣታቸው ላይ ላላ ብሎ ታስሯል፣ ሌላው ጫፉ በጠረጴዛው ሥር ዞሮ እጃቸው ውስጥ ነው። ታዛቢው ዝቅ ብሎ አንድ ጊዜ ቢያይ ሁሉ ነገር አለቀ። እንደሚታወቀው ግን ዝቅ ብሎ አላየም። ወንበሩን ወደ ስክሪኑ አዙሮ፣ ጀርባውን ለእግሩ ሰጥቶ ተቀመጠ። ሪፖርት የሚወጣው ከስክሪኑ ነው፤ ከእግር ወጥቶ የሚያውቅ ሪፖርት የለም።

እሷም በሥራ ዘመኗ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ትንሽ ይነቃነቁ» አለች።

ክሩ ሳብ ለቀቅ፣ ሳብ ለቀቅ አለ። የሞተው ጣት ራሱን ነቀነቀ። ስክሪኑ ላይ እንደ ፍም ቀላ። ከሱ በታች ያለው እግር፣ ማለትም ገበሩ፣ ጥርት ያለ ሰማያዊ ሆነ። እንደሚታወቀው እስክሪብቶውን ጉንጩ ላይ አድርጎ ረጅም ጊዜ ተመለከተ።

«እግሩ የሚገርም ነው» አለ በመጨረሻ። «ልክ እንደ ጨርቅ ነው የተረጋጋው።»

አትነቃነቁ አሳላት። ልብስ ሰፊው፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ጥሩ ጨርቅ ነው አሉ። ሰውየው ምስጋና መስሎት ራሱን ነቀነቀ።

«ጣቱ ግን ያሳዝናል» አለ እየጻፈ። «ብዙ ተስፋ ተጥሎበት ነበር።»

ማተሚያው ሠራ። ጣቱ ከደረጃው ወረደ፤ እርምጃ እንዲወሰድበት ታዘዘ። እግሩ ባለ አበባውን ወረቀት ተቀበለ። ዋናው መርሐ ግብሩን ፈረሙ። ሐሙስ ሦስት ሰዓት ሐኪሙ ጣቱን ብቻ ቆረጠ፤ ሲቆርጥ የሚያየው እውነተኛው ምስል፣ ያ የመጀመሪያው፣ ከግድግዳው ላይ በፕላስተር ተለጥፎለት ነበር። ከቁስሉ ጠርዝ ጥሩ ቀይ ደም ወጣ። ሐኪሙ ብዙ የማያወራ ሰው ስለሆነ፣ «ይሄው» ብቻ አለ።

እዚህ ላይ ወጉ ቢያልቅ ደስ ይል ነበር። ማዕከሉ ግን የተሸለመን ሰው የሚረሳ ቦታ አይደለም። ከደረጃው የወረደ ማንኛውም አካል በአርባ ቀን ውስጥ ይግባኝ የማለት መብት አለው፤ ጣቱም ይግባኝ ባለማለቱ ማዕከሉ ራሱ አለለት። ልብስ ሰፊው ቤት ደብዳቤ ደረሰ፦ «ለድጋሚ ምዘና ጣትዎን ይዘው በአካል እንዲቀርቡ።»

መጡ። ቁስላቸው ድኗል፣ ቀኝ ጫማቸው ውስጥ ባዶዋን ቦታ የምትሞላ ትንሽ የጨርቅ ድቡልቡል ራሳቸው ሰፍተው አስገብተዋል። ለአትነቃነቁም ልክ የሆነ እጅጌ ያለው ጋዋን ይዘውላት መጥተዋል። ዋናው፣ እንደሚታወቀውና መላው ኮሚቴ ጠባቧ ክፍል ውስጥ ተጠጋግተው ቆመዋል። በዚህ ሁሉ ዓይን መሃል ክርም ገበርም የሚታሰብ አልነበረም፤ ደግሞም ሐኪሙ መዝገቡን ስለዘጋው ከዚህ በኋላ የሚቆረጥ ነገር የለም። አትነቃነቁ የለመደችውን ቃል ተናገረች። ልብስ ሰፊው አልተነቃነቁም።

ምስሉ ወጣ። እግሩ ከተረከዙ እስከ አራቱ ጣቶች ጫፍ ደማቅ ቀይ ነበር፤ አትነቃነቁ በሥራዋ እንዲህ የሚያምር እግር አይታ አታውቅም። አውራ ጣቱ የነበረበት ቦታ ደግሞ ጠረጴዛው ነው የሚታየው። ጠረጴዛው ሰማያዊ ነው። ሙሉ በሙሉ፣ አንዲት ቀይ ነጥብ የሌለበት ሰማያዊ።

ኮሚቴው ትንፋሹን ያዘ። ዋናው መነጽራቸውን አወለቁ፤ ዓይናቸው ውኃ ያቀረረ ይመስል ነበር። አጭር ንግግር አደረጉ፣ ሩብ ሰዓት የፈጀች። ይህ ጣት ወድቆ ነበር፣ አሉ፤ መመሪያችን ግን አልጣለውም፤ እርምጃ ተወሰደበት፣ እርምጃውም አስተማረው፤ ይኸው ዛሬ ማንም ያልደረሰበት መረጋጋት ላይ ደርሷል። ጣቱ ወደ ሙሉ ክብሩ እንዲመለስ ተወሰነ። የተቀረው እግር ግን የተሰጠውን እምነት ስላጎደለ የመጨረሻ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ይሰጠው ተባለ።

ልብስ ሰፊው ሁለቱንም ወረቀት ተቀበሉ። ባለ አበባውን በሁለት ጣታቸው መሃል አሸት አሸት አድርገው ውፍረቱን መረመሩና ለኮሌታ ማጠንከሪያ ጥሩ ይሆናል አሉ። አትነቃነቁን ጉንጭ ለጉንጭ ስመው፣ ስፌት መኪናቸው ላይ የጀመሩት ሱሪ እንዳለ ነግረው ወጡ።

ዋናው መስኮቱ ጋ ሄደው መጋረጃውን ገለጥ አደረጉ። ልብስ ሰፊው የማዕከሉን የድንጋይ ደረጃ ሁለት ሁለቱን እየዘለሉ ወርደው፣ ግቢውን አቋርጠው፣ መኪና እንዳይገጫቸው እንኳ በቅልጥፍና ፈቀቅ ብለው ወደ ሱቃቸው ሲከንፉ ይታያሉ።

«ምን ሆኖ ነው ሰውየው እንዲህ የሚራመደው?» አሉ ዋናው።

«እንደሚታወቀው ክቡር ኃላፊ» አለ እንደሚታወቀው፣ አንድ እርምጃ ከኋላ ሆኖ፣ በሐዘን፣ «እግሩ ተረብሿል።»